ካርዷ ላይ እንጂ ደሟ ውስጥ የሌለው

ኸድራ ያገለገለ መርፌ የሚጠራቀምበትን ሴፍቲ ቦክስ ቆሻሻ ጉድጓዱ አፍ ላይ ገልብጣ ታቹን በመዳፏ መታችው። ግማሹ መርፌ ወረደ። ግማሹ አፉ ላይ ተቆላልፎ ቀረ። ደግማ መታችው። ሦስተኛ ስትመታ አንድ ሲሪንጅ በላላው የካርቶን ጎን ሾልኮ ወጣ። መርፌው ጓንቷን በስቶ የግራ እጇን ሌባ ጣት ወጋት።

ነቅላ አየችው። ሲሪንጁ ውስጥ ደም ነበረበት። ገና አልረጋም።

«ያ ሰላም!» አለች።

ሴፍቲ ቦክስ የሚሠራው ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ ከነሆዱ እንዲቃጠል ነው። የመርፌ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፖስተር ይህን በሥዕል ያሳያል። አሶሳ ከተማ ዳር ያለው ይህ ጤና ጣቢያ ግን ሳጥን ካጠረው ስምንት ወር ሆኖታል። ስለዚህ ትዕዛዙ ሌላ ነው፤ ገልብጪና መልሺ። አንዱ ሳጥን ሰባት ስምንት ጊዜ ተመላልሷል። ታቹ ደምና መድኃኒት ጠጥቶ ጠቁሯል። ቀረብ ብሎ ላሸተተው የዛገ ብረትና የሰነበተ ሥጋ ይሸታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ይህን የምትገለብጠው ኸድራ ናት፣ በስሱ የምርመራ ጓንት። ወፍራሙ የጽዳት ጓንት ስቶር ውስጥ አለ። የሚወጣው ጎብኚ ሲመጣ ነው።

ከጉድጓዱ ወዲያ ማቃጠያው አለ። በሩ ከወደቀ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ክረምት ውሾች ከአጠገቡ ካለው ጉድጓድ የእንግዴ ልጅ አውጥተው እስከ አስፋልቱ ድረስ ጎትተዋል። የዚያን ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ስለ ንጽሕና ስብሰባ ላይ ነበር። ለቅማ የመለሰችው ኸድራ ናት።

ጣቷን በሳሙና ታጠበች። ሲሪንጁን በወረቀት ጠቅልላ ላቦራቶሪ ገባች።

የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኗ ስርጉት ትባላለች። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ባምባሲ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እሷ ባምባሲ ተወልዳ አሶሳ ተማረች፣ አሶሳ ተቀጠረች። ከኸድራ ጋር አምስት ዓመት ሠርተዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ ኸድራ አንድ ቀን እንኳ በሴት ጠርታት አታውቅም። አፏን የፈታችው በበርታኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ነው። ለእሷ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊም ጭምር።

«ስርጉት፣ ና እይ።»

«ደግሞ ዛሬ ምን አጠፋሁ?»

«አንተ አይደለህም። መርፌ ነው።»

ስርጉት ከማይክሮስኮፑ ቀና አለች። ወረቀቱን ስታይ ተነሳች።

«ወይኔ ኸድራ! ታጠብሽ?»

«በሳሙና።»

«ጨመቅሽው?»

«አልጨመቅሁም። ስልጠና ላይ አትጭመቅ ያልክ አንተ ነህ።»

«ስልጠናውን የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ በይኛ።»

በተጣለ ሲሪንጅ ውስጥ የቀረን ደም መመርመር መመሪያው አይፈቅድም። ስርጉት መረመረችው። ሁለት መመርመሪያ ስትሪፕ አወጣች፣ በእያንዳንዱ ላይ ጠብታ አኖረች፣ ሰዓቷን አየች። ኸድራ በሩ ላይ እንደቆመች ጠበቀች። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ወንበር የታካሚ ነው ብላ ተቀምጣበት አታውቅም።

«የኤች አይ ቪው አንድ መስመር ነው» አለች ስርጉት። «ጥሩ ነው።»

«ይሄስ?»

«ይሄኛው ሁለት ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የጉበት ቫይረስ። ሄፓታይተስ ቢ።»

ኸድራ ይህን ስም ታውቀዋለች። የባሏ የማህጁብ ታናሽ ወንድም ባቢከር በዚሁ ሞቷል። እዚሁ ጤና ጣቢያ ሦስት ቀን ተኝቶ ነበር። ዓይኑ እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ ሆነ። ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ቆዳው አበራ። በሦስተኛው ቀን ደም አስታወከ፤ ደሙ ከአልጋው እስከ በሩ ፈሰሰ። ዘመዶቹ እያለቀሱ ወጡ። ወለሉን የወለወለችው ኸድራ ናት፣ በሥራ ሰዓቷ ስለነበር።

«ለዚህ ተከትቤያለሁ» አለች። «ካርድ አለኝ።»

«ካርድማ አለሽ» አለች ስርጉት። ትንፋሿ መለስ አለ። «ሁላችንም አለን። ነይ ለማንኛውም ለኃላፊው እንናገር።»

ኃላፊው አቶ ሙላቱ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ጤና መኮንን ናቸው። ታካሚው ዶክተር ይላቸዋል፤ እሳቸውም አያርሙትም። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ባለመስታወት ፍሬም ተሰቅሏል፤ ሠራተኞቹን መቶ በመቶ ለከተበ ጤና ጣቢያ የተሰጠ ምስጋና ነው። የኸድራን ካርድ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ሦስት ቀን፣ ሦስት ፊርማ፣ አንድ ማህተም። ሚያዝያ 2015፣ ግንቦት 2015፣ ጥቅምት 2016። ሠላሳ አንዱም ሠራተኛ ከጥበቃ እስከ አዋላጅ ይህንኑ ካርድ ይዟል።

«ሙሉ ነሽ። ምን ሆንሽና ነው?»

«ደም ነበረበት።»

«ቢኖርበትስ? ክትባቱ ለመቼ ነው የተሰጠሽ? ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።» ወደ ስርጉት ዞሩ። «በቆሻሻ ላይ ምርመራ መሥራት ደግሞ የት የተማርሽው ነው?»

ወጡ። ኮሪደሩ መሐል ላይ ኸድራ ቆመች።

«ስርጉት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂኝ።»

«ክትባት በረዶ ሲሆን ጥሩ ነው፣ አይደል?»

«በረዶ ሲሆን ማለት?»

«ድንጋይ ሲሆን።»

ስርጉት ክንዷን ይዛ ወደ ግቢው አወጣቻት። እዚያ ቧንቧው ጋ ኸድራ ነገረቻት።

የሠራተኛው ክትባት የሦስቱም ዙር በ2015 ሚያዝያ፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ በአንድ ካርቶን መጣ። የሕፃናቱ ክትባት የሚቀመጥበት ባለሶላር ማቀዝቀዣ ሞልቶ ነበር። እንዳለ የሚባለው የስቶር ሠራተኛ ካርቶኑን ስቶር ውስጥ ባለው ተራ ፍሪጅ አስገባው። ሠራተኛው ለስላሳ መጠጡን የሚያቀዘቅዘው እዚያ ነው፤ የፋሲካም ሥጋ ተርፎ በፌስታል ተቀምጦበት ነበር፤ ደሙ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ይንጠባጠባል። ቅዳሜ እንዳለ ሰርግ ብሎ ባምባሲ ሄደ። መብራት ከዐርብ ጀምሮ የለም። ቀትር ላይ ለኸድራ ደወለላት፤ ቅዳሜ ስቶሩን የምታጸዳው፣ ቁልፉም ያላት እሷ ናት። «ካርቶኑ እንዳይሞቅብን ከላይ ከበረዶዎቹ ጋር ክተቺው» አላት።

ከተተችው። ሥራዋን ስትሠራ አሳምራ ነው። ብልቃጦቹን ከካርቶኑ አውጥታ ባልቀለጠው በረዶ መሐል ደረደረቻቸው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነቻቸው። ማታ መብራት መጣ። እስከ ሰኞ አልጠፋም።

ሰኞ ጧት እንዳለ በሩን ሲከፍት ብልቃጦቹ ከበረዶው ጋር አንድ ሆነው ነበር። ኸድራ በቢላ እጀታ እየፈለፈለች አወጣቻቸው። እንዳለ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስመታቸው። ከቀትር በኋላ መርፌ መውጋት ተጀመረ። የመጀመሪያው ክንድ የኃላፊው ነበር፤ ፎቶ ተነስተዋል።

ክትባት ሙቀት አይወድም። ይህን አሶሳ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ በሬዲዮም ይነገራል። ይህኛው ክትባት ግን ከሙቀት ይልቅ በረዶ ይገድለዋል፤ አንዴ ከረጋ ውኃ ማለት ነው። እንዳይረጋ የሚለው ማስጠንቀቂያ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ኸድራ ማንበብ አትችልም። እንዳለ ይችላል።

ስርጉት የቧንቧው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የቀረው መንገድ አንድ ነበር፣ ደም። ክትባት ሠርቶ ከሆነ ደም ውስጥ መከላከያ ይተዋል፤ ይለካል፤ ከአሥር በላይ ከሆነ ሰውየው ተጠብቋል፣ ከአሥር በታች ከሆነ አልተጠበቀም። መለኪያ መሣሪያው በከተማው ጤና ጣቢያዎች የለም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ግን በዚያው ሳምንት ይሠራ ነበር። ቢታንያ የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች መምህርት የጤና ሠራተኞችን ደም እየሰበሰበች፣ ከኩፍኝ፣ ከሩቤላና ከሄፓታይተስ ቢ ማን እንደተጠበቀ እያጠናች ነው። ከዚህ ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ሰው ደም ሰጥቷል፣ ስርጉትም አለችበት። ኸድራ አልሰጠችም። የጥናቱ ቅጽ «ባለሙያ» ይላል። መርፌውን የሚገለብጥ ሰው ባለሙያ አይደለም።

ስርጉት እዚያው ከኸድራ ክንድ ደም ቀዳች። ቱቦውን ኪሷ ከተተችና ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ጊዜው ይቆጠር ነበር። አዲስ ክትባት መርፌ የተወጋን ሰው ሊያድን የሚችለው ቶሎ ከደረሰ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ቢሆን መልካም፤ ቢበዛ ሰባት ቀን። ማክሰኞ አለፈ።

ረቡዕ ከሰዓት ቢታንያ ደወለች።

«የሴትዮዋ ኩፍኝ በጣም ከፍተኛ ነው» አለች። «ሩቤላም አላት። ሄፓታይተስ ቢ ግን ምንም የለም። ዜሮ በይው።»

ኩፍኝ ኸድራን የያዛት የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሆሞሻ አጠገብ ባለ መንደር ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ወንድሞቿ ተቀብረዋል። እናቷ ወርቅ የምታጥብ ሴት ነበረች፤ በአራተኛው ቀን ወንዝ ወረደች፣ የቀሩት መብላት ነበረባቸው። ኸድራ ተረፈች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ማንጎ ነጋዴውን ማህጁብን አገባች፣ አራት ወለደች፣ አሶሳ ገባች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዚህን ጤና ጣቢያ ወለል ስትወለውል ቆይታለች። የምታነበው በቀለም ነው። ቢጫ መርፌ ነው፣ ጥቁር ተራ ቆሻሻ ነው፣ ቀይ ከሰው የወጣ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ያለፈውን ኩፍኝ ደሟ ያውቀዋል። ጤና ጣቢያው ሦስት ጊዜ ፈርሞ የሰጣትን አያውቀውም።

ቢታንያ ስልኩን አልዘጋችም።

«ስርጉት፣ ሌላም ነገር አለ። የእናንተ ሰዎች አሥራ ዘጠኝ ናችሁ። አሥራ ስድስታችሁ ከአሥር በታች ነው።»

«ሦስቱስ?»

«ሌላ ቦታ ሳሉ የተከተቡ ናቸው። ቅጹ ላይ አለ።»

«ሌሎቹ ጤና ጣቢያዎችስ?»

«እነሱ ደህና ናቸው።»

«እኔስ?» አለች ስርጉት።

«አንቺም ከአሥራ ስድስቱ ነሽ።»

ሐሙስ ጧት ስርጉት በከተማው ያሉ መድኃኒት ቤቶችን አዳረሰች። ክትባቱ የለም። የክልሉ መድኃኒት ማከማቻ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ መዝገብ ገልጦ «አለ» አለ።

«ለአንድ ሰው የሚሆን ብቻ ነው የምፈልገው። በመርፌ ተወግታ ነው።»

«ይሰጥሻል። የኃላፊሽን ደብዳቤ አምጪ። ማህተም ያለው።»

«ዛሬ ልውሰድና ደብዳቤውን ነገ ባመጣስ?»

«ማህተም ያለው» አለ ሰውዬው፤ መስኮቱንም ዘጋው።

ማህተሙ ያለው አቶ ሙላቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቁልፉን በአንገታቸው ያንጠለጥሉታል፤ ለሽንት ሲነሱ እንኳ ይቆልፉታል። ስርጉት የምርመራውን ውጤት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ ስለ በረዶው ነገረቻቸው። አነበቡት። ሁለተኛም አነበቡት።

«ሙሉ ክትባት የወሰደች ሠራተኛዬ እንደገና ክትባት ያስፈልጋታል ብዬ ልጻፍ?»

«አዎ።»

«ለምን ቢሉኝስ?»

«ክትባቱ ረግቶ ነበር በሉ። እውነቱ እሱ ነው።»

«እና ሠላሳው ሰውስ? እና ይሄስ?» በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላቸው፣ ወደ ፍሬሙ ጠቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ ምን እንደምታወሪ ታውቂያለሽ?»

«እርስዎም እኮ ከሠላሳው ውስጥ ነዎት።»

አቶ ሙላቱ ይህን አልሰሙም፣ ወይም ያልሰሙ መሰሉ። ስልካቸውን አንስተው ለቢታንያ ደወሉ። ስርጉት ፊት ለፊታቸው ቆማ ነው። መጀመሪያ ስለ ጤንነቷ ጠየቋት። ቀጥለው ጥናቱ ምን ያህል እንደገፋ ጠየቁ። ቢታንያ አራት ተቋማት ይቀሯታል፤ የአራቱንም ኃላፊዎች አቶ ሙላቱ ያውቋቸዋል። ይህን ነገሯት። ማስፈራራት የሚባል ቃል አልወጣቸውም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢታንያ ለስርጉት አጭር መልእክት ላከች። የጤና ጣቢያቸው አሥራ ዘጠኝ ናሙናዎች በአያያዝ ችግር ምክንያት ከጥናቱ ወጥተዋል፤ ይቅርታ። ከጎኑ ሁለት የተገጣጠሙ እጆች ሥዕል ነበር።

ዐርብ ከሶላት መልስ ኸድራ ቢሮ ተጠራች። ስርጉት ሳትጠራ ገባች፤ የሚያስወጣት አልነበረም። እንዳለ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ለውዝ እየፈለፈለ ይበላል። ቅርፊቱን ወለሉ ላይ ይጥለዋል። ወለሉ ጧት የተወለወለ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ነበር።

«ኸድራ፣ እኔ አንቺን መርዳት ነው የምፈልገው» አሉ አቶ ሙላቱ። «አድምጪኝ። ክትባቱን በረዶ ውስጥ የከተተው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎሽ። ይሄ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። አንቺ በገዛ ፈቃድሽ ፍሪጁን ከፍተሽ የመንግሥት ንብረት አበላሸሽ፣ ሠላሳ አንድ ሰው ለአደጋ አጋለጥሽ ይላል። ይሄ ፖሊስ ጋ ይሄዳል።»

ኸድራ ወደ እንዳለ ዞረች።

«እንዳለ፣ አንተ ደውለህ ነበር።»

«እኔ? መቼ?»

«ቅዳሜ። ሰርግ ነበርክ። ከበሮ ይሰማ ነበር።»

«አይ ኸድራ፣ ስንት ሰርግ አለ።»

«መብራት የጠፋ ቀን።»

«መብራት ያልጠፋበት ቀን አለ እንዴ?» አለ እንዳለ። አቶ ሙላቱ ሳቁ። እንዳለም በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ የለውዝ ፍርፋሪ ከንፈሩ ላይ ነበር።

«ሁለተኛው ወረቀት ቀላል ነው» ሲሉ ቀጠሉ ኃላፊው። «አንቺ መርፌ ፈርተሽ ክትባቱን አልወሰድሽም። ካርዱን ያስፈረምሽው ሰው በበዛበት ሰዓት አታለሽ ነው። በቃ። ያልተከተበች ሠራተኛ በመርፌ ተወጋች፣ ትከተብ፤ ይሄን ብዬ አሁኑኑ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ማከማቻው ይሰጥሻል። ማንም አይጎዳም።»

«መርፌ ፈርቼ?» አለች ኸድራ። «እኔ?»

«ወረቀት ላይ ነው።»

«በየማክሰኞው አንድ ሺህ መርፌ አቅፋለሁ፣ ወላሂ። አንተ አንድ ቀን ና፣ አቅፈው።»

አቶ ሙላቱ ሰዓታቸውን አዩ። «አሥር ሰዓት ላይ ማከማቻው ይዘጋል። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነኝ። ራስሽ ቁጠሪው።»

ኸድራ መቁጠር ታውቃለች። ከሰኞ በኋላ የሚቀራት ማክሰኞ ብቻ ነው፤ ያውም ሰባተኛው ቀን።

ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ኸድራ ለማህጁብ ደወለችና በበርታኛ ነገረችው፤ ፈሪና አታላይ ነሽ ብለው ሊያስፈርሙኝ ነው አለችው። ማህጁብ ማንጎ መጋዘን ውስጥ ነበር፣ ጩኸት አለ። መድኃኒቱን ያዢ፣ ያንን ወረቀት ማን ያነበዋል አላት። ባቢከርንም አስታወሳት። ስልኩን ዘጋችው።

«ፈርሚ» አለች ስርጉት።

«እኔ ፈሪ ነኝ ካልኩ ክትባቱ ጥሩ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«እሺ፣ አንተስ? ደም የምትቀዳ አንተ ነህ። አዋላጆቹስ?»

«እኔ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።»

«የት አለ እሱ?»

ስርጉት ወደ ጎን ዞረች። የኮሪደሩን ግድግዳ ታያለች። የሠራተኞች ክትባት ሽፋን በሰማያዊ እስክሪብቶ እስከ ጣሪያ ተስሎበታል።

«እኔን አትዪኝ» አለች። «አሁን የተወጋሽው አንቺ ነሽ። እኔ ገና አልተወጋሁም። ፈርሚ፣ እባክሽ።»

ተመልሰው ገቡ። ኸድራ ወረቀቱን ስርጉት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብላት ጠየቀች። ስርጉት አነበበች። «ያለማንም አስገዳጅነት፣ በሙሉ ፈቃዴ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አቶ ሙላቱን አየቻቸው፤ ከዚያ ጨረሰችው። አቶ ሙላቱ የቀለም ስፖንጁን ገፉላት። ስሟን መጻፍ ትችላለች፣ መሠረተ ትምህርት ገብታ ያገኘችው እሱን ብቻ ነው። አሻራ ይሻላል አሏት።

አውራ ጣቷን ቀለም ነከረች። ወረቀቱ ላይ አላሳረፈችም። አየር ላይ ያዘችው።

«መጀመሪያ ደብዳቤ» አለች።

«ምን?»

«ደብዳቤህን ጻፍ። ማህተም ምታ። ለስርጉት ስጠው። ከዚያ እኔ።»

«አታምኚኝም ማለት ነው?»

«ማዓሌሽ፣ አትቀየም» አለች ኸድራ። ጣቷ አልወረደም።

እንዳለ ለውዙን መፈልፈል አቆመ። አቶ ሙላቱ ትንሽ አዩዋትና ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። ደብዳቤው ሁለት መስመር ነበር፤ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ማህተሙን ሲመቱት ጠረጴዛው ጓ አለ። ስርጉት ወረቀቱን ስባ ወሰደችው፣ አየችው፣ አጥፋ ያዘችው።

ኸድራ ጣቷን አሳረፈች። ቀለሙን በአቶ ሙላቱ ጠረጴዛ ጨርቅ ጠረገችው። ይህን ሁሉም አዩ።

ማከማቻው መስኮት ላይ ሰውዬው ማህተሙን ብቻ አየ፤ ጽሑፉን አላነበበውም። ለሦስቱም ጊዜ የሚበቃውን ብልቃጥ በቀዝቃዛ ውኃ በሚጠበቅ ሣጥን አድርጎ ሰጣት። ስርጉት እዚያው መስኮቱ ሥር ጫን ብላ ጠየቀችው፤ ለሌላ ሠላሳ ሰው የሚሆን ይኖር እንደሆነ።

«አለ» አለ። «ደብዳቤ አምጪ።»

ከቢሮው ደብዳቤ እስከ ክትባቱ ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቷል። ኸድራ የጠበቀችው ሦስት ቀን ነበር።

ላቦራቶሪው ውስጥ ስርጉት ብልቃጡን በሁለት ጣቷ ይዛ ነቀነቀችውና ብርሃን ላይ አነሳችው። ረግቶ የሚያውቅ ክትባት ሲነቀነቅ እንደ ኖራ ወደ ታች ይዘቅጣል። ይህኛው እንደ ስስ ወተት ሆኖ ቆየ።

«ይሄ በረዶ አላየም?» አለች ኸድራ።

«አላየም።»

«ቁጭ ልበል?»

«ተቀመጪ እንጂ!»

ኸድራ የታካሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ስርጉት ወጋቻት። አዲስ ካርድ አወጣችና ቀኑን ጻፈች፣ ፈረመች። ኸድራ ካርዱን ተቀብላ አየችው፣ አገላበጠችው።

«ደሙንም ትለካልኛለህ» አለች። «ካርድ ብቻ አልፈልግም። ኸላስ፣ በቃ።»

ሰኞ ኸድራ ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ሙሉ ቃሉ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሠራተኛው እየቆመ አነበበው። አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት አዋላጅ በመርፌ ክፍሉ በር ስታልፍ «ኸድራ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እዚህ መርፌ አለ!» አለቻት። ኸድራ ባልዲዋን ይዛ አለፈች። አዋላጇ በዚያን ዕለት ሁለት እናቶችን አዋልዳለች፣ በተቀደደ ጓንት።

ስርጉት ለክልሉ ሁለት ደብዳቤ ጻፈች። ለሁለቱም በጤና ጣቢያው ኃላፊ በኩል ይቅረብ የሚል መልስ መጣላት።

ኸድራ ቀሪዎቹን ሁለት መርፌዎች በቀናቸው ወሰደች። በሐምሌ በተደረገላት ምርመራ ቫይረሱ አልተገኘባትም፤ የመከላከያዋ ልክ ሁለት መቶ አርባ ነበር። ሌሎቹ ሠላሳ ሠራተኞች፣ ስርጉትን ጨምሮ፣ እንደገና አልተከተቡም።